ሰላምታ እየጨመሩ የሚያደርሱት ኦቦ ኩምሳ

ያን የነሐሴ ጠዋት ሰበታ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ዝናብ ቢሆን ሰው ይጠለላል፤ ጉም ግን የትም ቢቆሙ ያገኛል። ፀጉር ያርሳል፣ ነጠላ ያርሳል፣ ሐሳብ ሳይቀር ያርሳል። ከምንኖርበት ከተፍኪ የሚያመጣን የፋብሪካው ሰርቪስ መብራቱን አብርቶ በጅማ መንገድ ላይ እየተንፏቀቀ ስለመጣ ዘግይተን ገባን። የምንሠራው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ብርድ ልብስ እየሠራን ይበርደናል፤ ለምደነዋል። በሩ ላይ ተኮልኩለን ዛሬ ደግሞ ምን እንባል ይሆን እያልን ሳለ፣ ኦቦ ኩምሳ ከፎቅ ቀስ እያሉ ወረዱ።

«አካም ቡልተን? እንዴት አደራችሁ?» አሉን።

«ነጋ፣ ደህና» አልናቸው።

«ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ? መንገዱ እንዴት አመጣችሁ?»

ጥርሳችን እየተፋጨ የልጆቹንም የከብቱንም ደህንነት አስረዳን። ከብት የሌለን ሳንቀር።

«እንግዲህ በመጀመሪያ ሰላምታ አለ» አሉ የኮታቸውን ኮሌታ እያስተካከሉ። «አቶ ተድላ ሰላም ብለዋችኋል። ጉሙን በመስኮት ሲያዩት ‘ልጆቹ በዚህ እንዴት ይመጡ ይሆን’ ብለው ተጨነቁ። ስለ ሰርቪሱም በጣም እያሰቡበት ነው።»

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተድላ ስለ እኛ ተጨንቀው አያውቁም ነበርና ተያየን። የሰውን ደግነት በቀላሉ የማትቀበለዋ ድንቅቱ ሳትቀር «ምን ነካው ሰውዬው? አሞታል እንዴ?» አለች። ከዚያ ሞቅ ብሎን ወደ ሥራችን ገባን። አቶ ተድላ ያን ጠዋት በእርግጥ ምን እንዳሉ ያወቅነው ብዙ ቆይቶ ነው።

ሰው ተቀጥሮ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ ኦቦ ኩምሳ አለው። የለንም የሚል ካለ አስተውሎ አላየም። ቡራዩ ዱቄት ፋብሪካ የሚሠራው አጎቴ የእነሱን «ራዲዮ» ይላቸዋል። የአክስቴ ልጅ ቲቲ ሱሉልታ ወተት ማቀነባበሪያ ነች፤ የእነሱ ሴት ናቸው፣ «እማማ ሰላም» ነው የሚባሉት። እነዚህ ሰዎች በወረቀት የሰፈረ ሹመት የላቸውም። አንዱ ዘበኛ ነው፣ ሌላው ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው። አለቃ ቁጣውን ለእነሱ ያስረክባል፣ ሠራተኛ ምሬቱን ለእነሱ ያስረክባል፤ እነሱም ሁለቱን መንገድ ላይ አጥበው፣ አስጥተው፣ አጣጥፈው ለባለቤቱ ያደርሳሉ።

የእኛው ክቡር አምባሳደር፣ የፎቅና የምድር ቤት ልዩ መልእክተኛ፣ ፋብሪካው ሲከፈት በዘበኝነት ነበር የተቀጠሩት። ግን በተፍኪ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በሽምግልናቸው ነው። ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ ድንበር የተጋፉ ጎረቤቶችን ያስማማሉ፣ ልጅ ለመጠየቅ የሚላኩት እሳቸው ናቸው። በሽምግልና ደግሞ ሥርዓት አለ። መጀመሪያ ቀን ሄዶ እምቢ የተባለ ሽማግሌ «እምቢ አሉ» ብሎ አይመለስም፤ «ያስቡበታል» ነው የሚለው። የተሰደበም ስድቡን ውጦ ምርቃቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ኦቦ ኩምሳ ይህን ሥርዓት እንዳለ ይዘውት ፋብሪካ ገቡ። ፋብሪካ ሠርግ አለመሆኑን የነገራቸው የለም።

አቶ ተድላ ከፎቅ አይወርዱም፣ እኛ ወደ ፎቅ አንወጣም። ስለዚህ ሁሉ ነገር በኦቦ ኩምሳ በኩል ያልፋል። አንድ ጊዜ አቶ ተድላ «ማሽን ላይ ስልክ ይዞ የተገኘ ይባረራል በሏቸው» አሉ። ኦቦ ኩምሳ ወርደው፣ ልጆቻችንንና ከብቶቻችንን ጠይቀው፣ «አቶ ተድላ የጥጡ ብናኝ ስልካችሁን እንዳያበላሽባችሁ አዝነዋል» አሉን። እኛም ከልባችን አመሰገንን። በማግስቱ ሁላችንም ስልካችንን በፌስታል ጠቅልለን መጣን። አቶ ተድላ ለቁጥጥር ሲወርዱ ሠራተኛው ሁሉ ፌስታል ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያወራ አገኙት። ምን እንዳሉ አልሰማንም፤ ኦቦ ኩምሳ ግን «በጥንቃቄያችሁ ተገርመዋል» ብለው ነገሩን።

ወደ ላይም እንዲሁ ነው። መካኒኩ ይገዙ አንድ ቀን ተናዶ «ሰውዬው ማሽንና ማገዶ አይለይም! ይሄን ሂዱና ንገሩልኝ!» አላቸው። እሳቸውም ሄደው ነገሩ። ትንሽ ቆይቶ ይገዙ ፎቅ ተጠራ። ተባረረ ብለን ስናዝን፣ የሻይ ሽታ አፉ ላይ ይዞ ተመለሰ።

«ምን አለህ?»

«‘ስለ ማሽን ከእኔ ጋር መወያየት ናፍቆሃል አሉኝ’ አለኝ። ሻይ አዘዘልኝ። እኔ እንጃ፣ ክፉ ሰው አይደለም።»

«ታዲያ ያልከውን አልነገሩትም?»

ይገዙ ወደ ኦቦ ኩምሳ ዞረ። እሳቸውም ያቺን የተለመደች መልሳቸውን ሰጡት፦ «ልጄ፣ ቃሉን ተወው፣ ሐሳቡን ያዝ።»

ሳቅን። በብዙ ነገር እንስቅባቸው ነበር። በሁሉም ግን አልሳቅንም።

እኔና ድንቅቱ ማቅለሚያ ክፍል ነን። እዚያ የቀለሙ እንፋሎት የሚወጣበት ትልቅ ፋን አለ። ከመስቀል በኋላ ሞተ። እንፋሎቱ ጣሪያ ሥር እየተንከባለለ መልሶ በእኛ ላይ ይወርዳል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ድንቅቱን ሳል ያዛት። በሰርቪሱ መንገድ ሙሉ ስትስል ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ለኦቦ ኩምሳ ደጋግመን ነገርናቸው። «አድርሻለሁ» ይላሉ። «ምን አሉ?» ስንል «በጣም ደስ ብሏቸዋል» ይላሉ። በምኑ ደስ እንዳላቸው አልገባንም። ገናም አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ።

ሰርቪሱ ለእኛ ለተፍኪዎቹ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠዋት በአስፋልቱ የሚያልፈው ሚኒባስ እኛ ጋ ሲደርስ ሞልቶ ነው። ያረፈደ ይቀጣል፣ የደጋገመ ይሰናበታል። እኔ ሉሲ የምትባል ትንሽ ልጅ አለችኝ። ሰርቪሱ ካለ ማታ ገብቼ ከእሷ ጋር አድራለሁ። ከሌለ ሰበታ ቤት ተከራይቼ፣ እሷን ለእናቴ ትቼ መኖር ነው። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር፣ ሌላ ፋብሪካ ሰርቪስ አቆመ በተባለ ቁጥር የሰበታን ቤት ኪራይ አጠያይቃለሁ። የእኛው ግን አልቆመም። አቶ ተድላን በዚህ እንኳ እናመሰግናቸው ነበር።

ከዚያ ሮዛ መጣች። ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው፤ የሰው ኃይል ኃላፊ ተብላ። ጥሩ ልጅ ነች፤ በስማችን ትጠራናለች፣ ምሳ ከእኛ ጋር ትበላለች። ችግራችሁ የግንኙነት ችግር ነው አለችን። በአመራርና በሠራተኛ መካከል ያለው ግንኙነት መሻሻል አለበት አለች፤ ትልቅ ወረቀት ሰቅላም ብዙ ቀስቶች ሣለችበት፣ ወደ ላይ የሚወጡ፣ ወደ ታች የሚወርዱ። እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ቀስቶቹ ግን ገቡኝ። ሁሉም ቀስቶች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል።

ሮዛ በሥልጠናው ቀን ጨዋታ አጫወተችን። በመስመር አቆመችንና በመጀመሪያው ሰው ጆሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ እሱ ለቀጣዩ፣ ቀጣዩም ለቀጣዩ ያንሾካሹካል። መጨረሻ ላይ የቆመችው ድንቅቱ የደረሳትን ጮክ ብላ ተናገረች፦

«ነገ ሁላችሁም በሰላም ግቡ፣ ቤተሰብም ሰላም በሉልን ተብሏል።»

ሮዛ የመጀመሪያውን አነበበች፦ «ነገ አርፍዶ የመጣ ሠራተኛ ይቀጣል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሮዛ ግን አልሳቀችም። ከመጀመሪያው ሰው ጀምራ አንድ በአንድ ምን እንደሰማን ጠየቀችን። መሐል የቆመችው ባልደረባችን ትጊ ጋ እስኪደርስ ድረስ ቅጣቱ በቦታው ነበር። ከትጊ ቀጥሎ የቆሙት ኦቦ ኩምሳ ናቸው።

«ኦቦ ኩምሳ፣ ትጊ ምን አለችዎት?»

«ይቀጣል አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን ብለው አስተላለፉ?»

«ምነው ሮዛ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ጆሮ ይነገራል?»

ሮዛ በማግስቱ ፎቅ ወጥታ፣ ከአሁን በኋላ በሰው በኩል መልእክት እንዳይተላለፍ፣ ሥራ አስኪያጁና ሠራተኛው ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ጠየቀች። አቶ ተድላ ተስማሙ።

ስብሰባው በሁዳዴ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በብርድ ልብስ እስሮች መሐል ሆነ። አቶ ተድላን ያን ያህል ቀርበናቸው አናውቅም። ከሩቅ የሚመስሉትን ያህል ረጅም አይደሉም። ሸሚዛቸው አንገቱ ላይ ነትቧል፤ ድካም ፊታቸው ላይ አለ። ኦቦ ኩምሳ እንደልማዳቸው ብድግ አሉ።

«በመጀመሪያ ሰላምታ...»

«ዛሬ እርስዎ ይረፉ ኦቦ ኩምሳ» አለች ሮዛ በትህትና። ተቀመጡ። እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ድንቅቱ ነበረች፤ ማን ይቀድማታል?

«አቶ ተድላ፣ የማቅለሚያው ፋን ከሞተ ቆየ። እየታፈንን ነው። ሳሉ ሊገድለን ነው።»

«የቱ ፋን?»

«እንዴት የቱ ፋን? የነገርንዎት ነዋ! በኦቦ ኩምሳ በኩል ስንት ጊዜ!»

አቶ ተድላ ግንባራቸውን አሹ። «ለእኔ የተነገረኝ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኞች ክፍሉ ስለሚሞቃቸው እንዳመሰገኑኝ ነው።»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሁላችንም ተከተልን፤ አቶ ተድላም ሳቁ። ጥርሳቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። ወዲያው «ይገዙ፣ ነገ ጠዋት እንዲጠገን» አሉ። አጨበጨብን። ሮዛ ፊቷ በራ። እኔም ይቺ ልጅ እውነቷን ነው፣ እስከ ዛሬ የት ነበርን አልኩ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ድንቅቱ ግን ደስ ስላላት አልተቀመጠችም።

«እንግዲህ በግልጽ ከተነጋገርን እኔም አንድ ምስጋና አለኝ» አለች። «ነዳጅ እንዲህ ተወዶ ሌላው ሁሉ ሰርቪስ ሲያቆም፣ እርስዎ የእኛን የተፍኪዎቹን አላቆሙብንም። እግዜር ይስጥልን።»

የአቶ ተድላ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እኔማ አቁሜዋለሁ» አሉ። «ደጋግሜ ነው ያቆምኩት። ነሐሴ ላይ፣ ያ ጉም የነበረ ጠዋት፣ ‘እነዚህ ሰዎች እንደገና አረፈዱ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ሰርቪስ የለም በሏቸው’ ብያለሁ። እናንተ ናችሁ በኦቦ ኩምሳ እየላካችሁ ‘እስከ መስቀል ይታገሡን፣ እስከ ገና ይታገሡን፣ እግርዎ ላይ ወድቀናል’ ያላችሁኝ። እኔም ሰው ነኝ። ስትለምኑኝ አዘንኩና ተውኩት።»

ሁላችንም ወደ ኦቦ ኩምሳ ዞርን። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሰርቪስ ጠዋትና ማታ ሲያመላልሰን የነበረው አንዲት ቃል እንኳ ከአፋችን ባልወጣ ልመና ነው። አቶ ተድላ የለመናቸውን ሕዝብ የማያሳፍሩ ደግ ሰው ሆነው ኖረዋል፤ እኛም የማይለምን፣ የሚከበር ሕዝብ ሆነን ኖረናል። ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር። አሁን አንድ ነገር ብቻ ያስፈልግ ነበር፤ አንዳችን «አዎ፣ ለምነናል» ማለት። የድንቅቱን ቀሚስ በስተኋላ ያዝኩ። «ዝም በይ፣ በማርያም ዝም በይ» አልኳት።

«እኛ?» አለች ድንቅቱ። «ማን ለመነህ? እኔ እግርህ ላይ የወደቅኩት መቼ ነው?»

አንተ አለቻቸው። ለሥራ አስኪያጁ፣ በሰው ሁሉ ፊት። እስሮቹ ሳይቀሩ የሰሙ መሰለኝ።

«አልለመናችሁም ማለት ነው» አሉ አቶ ተድላ፣ ቀስ ብለው።

«ማንም አልለመነም!»

«መልካም። እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ ሰርቪስ የለም።»

«አቶ ተድላ፣ እስቲ ይሄን ነገር በኋላ...» አለች ሮዛ።

«ግልጽ ግንኙነት ነው ያልሽው ሮዛ። ይኸው ግልጽ ሆነ።»

ሄዱ። ሮዛ ልታለቅስ ደርሳ ወደ ኦቦ ኩምሳ ዞረች። «ለምን ኦቦ ኩምሳ? ለምን ያልተባለ ነገር ይናገራሉ?»

ኦቦ ኩምሳ ተነሡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት። «ልጅ ልጠይቅ ተልኬ ስሄድ አባትየው ‘ያ ሰካራም ልጄን አያያትም’ ቢሉኝ፣ ለላኩኝ ቤተሰቦች ‘ሰካራም ተባላችሁ’ ብዬ ልመለስ? ‘ያስቡበታል’ እላለሁ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ። ሲሰነብቱ ይዋደዳሉ።» ከዚያ አቶ ተድላ የወጡበትን በር አዩ፤ እኛን አዩ። «እናንተም ትሰነብቱ ነበር» አሉ።

ፋኑ ተጠገነ። ይገዙ ሲያስነሳው እንፋሎቱ እንደ ተጠራ ሰው ተግተልትሎ ወጣ፤ በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሉን ዳር እስከ ዳር አየሁት። ሰኞ ሰርቪስ አልመጣም። አስፋልቱ ዳር ቆመን ሞልተው የሚያልፉ ሚኒባሶችን አየን። በዚያ ወር ከተፍኪዎቹ ግማሹ ከሥራ ቀረ። ድንቅቱም ከሳሏ ገና ሳትድን ቀረች። ጥፋተኛዋ እሷ ናት የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የታፈነችው በእውነት ነው፣ የተናገረችውም እውነት ነው።

ኦቦ ኩምሳን በፋኑ ነገር ይቅር አላልኳቸውም፤ ይህንንም ለራሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። የሰው ደረት በሰላምታ አይታከምም ብያቸዋለሁ። «ልክ ነሽ» አሉኝ። ለማን ምን ብለው እንዳደረሱት እንጃ።

አሁን መልእክት የሚደርሰን በቴሌግራም ነው። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፦ «ከነገ ጀምሮ መግቢያ ሰዓት በሩብ ሰዓት ቀድሟል።» በቃ። ልጆቻችን ደህና ይሁኑ አይሁኑ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ነገር ይገባናል። ምንም የማይገባን ነገር የለም፤ እንዲህ ሁሉንም ነገር እየተረዳን እንውላለን።

እኔ ሰበታ ቤት ተከራየሁ። ሉሲ ተፍኪ ከእናቴ ጋር ቀረች፤ የማያት እሑድ እሑድ ነው። እናቴ ስደውልላት ያለውን እንዳለ ነው የምትነግረኝ፦ «በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አመሸች፤ እህል አልቀመሰችም።» እንዲህ ካለችኝ በኋላ እንቅልፍ የለም። አሁን አሁን ወደ እናቴ መደወል ቀንሻለሁ። የምደውለው ለጎረቤቷ ለኦቦ ኩምሳ ነው።

«ማሪቱ፣ አካም ኦልቴ? እንዴት ዋልሽ? ሰበታ እንዴት ነው? የቤቱ አከራይ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ልጄስ ኦቦ ኩምሳ?»

«በመጀመሪያ ሰላም ብላሻለች። ራቷን ጥርግ አድርጋ በላች። ‘እማዬ ሥራዋን በደንብ ትሥራ፣ በእኔ አታስብ’ አለች።»

በሉሲ ዕድሜ ያለች ልጅ እንዲህ አትናገርም። አውቃለሁ። አልጠይቃቸውም። «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ፣ ምን አለች?» ነው የምላቸው፤ እሳቸውም እንደገና ይነግሩኛል፤ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ይጨምራሉ።

ባለፈው እሑድ ሉሲ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «እማዬ፣ ቀዩን ብርድ ልብስ ስትነክሪ ሁልጊዜ የእኔን ስም ትጠሪያለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«አንቺ ነሻ! ለኦቦ ኩምሳ ነግረሻቸው፣ እሳቸው ነገሩኝ።»

እኔ የነገርኳቸው እንደደከመኝ፣ እግሬ እንዳበጠ፣ በዚህ ሳምንት ምናልባት ላልመጣ እንደምችል ነበር።

«አዎ፣ እጠራለሁ» አልኳት።

ኦቦ ኩምሳ ፋብሪካውን በራሳቸው ፈቃድ ለቀዋል። አሁን ተፍኪ ውስጥ፣ ከእናቴ ቤት አጠገብ፣ ከልጃቸው ከገመቺስ ጋር ይኖራሉ። ክረምቱ ሲወጣ ሽንብራ ይዘራሉ፤ አንድ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል።